ከሰማይ የታየች ጎጆ

አንድ ሕይወት ተጨምቃ ምን ያህል ትወጣለች? ጋሎሮን ይህ ጥያቄ የያዘው በስተርጅና ነው፤ ያውም ናይሮቢ፣ በሳተላይት ፎቶ የሰፈር ካርታ እየሠራ በሚሸጥ ጀማሪ ኩባንያ ውስጥ ተቀጥሮ። ሥራው ቀላል ነበር። ከሰማይ በተነሣው የሰሜን ኬንያ በረሃ ላይ የወገኖቹን፣ የግመል አርቢዎቹን የሬንዲሌዎችን ክብ ሰፈሮች እየፈለገ፣ ሰው ያለበትን አረንጓዴ፣ ተነቅሎ የሄደውን ቀይ መቀባት።

አንድ ቀን የካርጊን ምድር ሲያገላብጥ የገዛ ጎሣውን ሰፈር አገኘ። ጎጆ የሚተከለው በታላቅና ታናሽ ተራ ነውና ከምዕራቡ በር ተነሥቶ የእናቱን ጎጆ ለማግኘት አልተቸገረም። ፎቶው ላይ ቆማለች። እናቱ ከሞተች ግን ክረምት አልፏል፤ ጎጆዋም ፈርሳ እንጨቱን እህቶቹ ተከፋፍለውታል፤ ሰፈሩም ግመሎቹን ጭኖ ሄዷል። ከደጃፏ ላይ ደግሞ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች።

ፎቶው የቆየ መሆኑን አላጣውም፤ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበታል። ግን ዓይን ያየውን «የለም» ብሎ ቀይ መቀባት እንዴት ይሆናል? እጁ አረንጓዴውን ነካ።

በሳምንቱ የግመል ክትባት የጫነ መኪና ካርታውን አምኖ እዚያው ሄደ። የኩባንያው ባለቤት ሙዌንዴ አጠገቡ መጥታ ቆመች፤ እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌውን «ምዜ» ብላ ነው የምትጠራው።

«ምዜ፣ ምን ነካዎት? ሰዎቹ አመድና እሾህ ነው ያገኙት እኮ!»

«እናቴ ከደጅ ተቀምጣለች።»

ጎንበስ ብላ አየች። «ይሄ? ጥላ ነው። ምናልባትም ፍየል።»

«ፍየል በዚያ ሰዓት ግጦሽ ላይ ናት።»

«እሺ፣ ድንጋይ ይሁን!» ከኋላ ያሉት ሠራተኞች ሳቁ። «ቆይ፣ ለእናትዎ ለቅሶ ብለው ፈቃድ ወስደው የለም እንዴ?»

«ወስጃለሁ።»

«ታዲያ ማን ነው የተቀመጠው?»

«እኔስ አንቺን መጠየቄ አይደል?» አላት። ቀልዱን አልነበረም።

ያን ሁሉ ውኃ የቀዳች፣ ያን ሁሉ ግመል የጫነች ሴት መጨረሻዋ ከፍየል የማትለይ ነጥብ ሆነ? ወይስ ነጥብ መሆንም ትልቅ ነገር ነው? ያቺን ጠዋት ያያት ያ ከሰማይ የሚያልፍ ዓይን ብቻ ነበር፤ እሱም እሷን ብሎ አልመጣም። ጋሎሮ ወዲህ ቢለው ወዲያ ቢለው አልጨበጥ አለው። የለችም እንዳይል ያያታል፤ አለች እንዳይል በእጁ ቀብሯታል።

አዲሱ ፎቶ ሰኞ መጥቶ አሮጌውን እንደሚተካ ሲሰማ ሙዌንዴ ዘንድ ገባ።

«ይቺን አንድ ቁራጭ ብቻ አትቀይሩብኝ፣ ልጄ። ቀይ ቅባ ካልሽኝም እቀባታለሁ። ብቻ እዚያው ትቀመጥ።»

«እናያለን፣ ምዜ» አለች ስልኳን እያነሣች።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት፣ አዲሱ ፎቶ ላይ የምዕራቡ በር ከነበረበት ወዲህም ወዲያም ያለው ባዶ አፈር ነበር።