ያልቆጠርኩት ፋውል

ጋሼ ቆጠራ ይሉኛል። ጫማ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሶል፣ ማሰሪያ፣ ሚስማር፣ ሙጫ፣ የማልቆጥረው ነገር የለም። አንድ ካርቶን ማሰሪያ ከጎደለ ቤቴ ገብቼ ምግብ አይበላልኝም። የፋብሪካው ቅርጫት ኳስ ቡድን ፋውል ቆጣሪ ያደረገኝም ለዚሁ ነው። የአዳራሹ ሰሌዳ ፋውል ማሳየት ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አምፖሉ ተቃጠለ፣ የሚቀይረው ሰው ጠፋ። እኔ የተጠባባቂዎች ወንበር ጫፍ ላይ እቀመጥና ቀኝ ኪሴ ውስጥ አምስት የሸሚዝ ቁልፎች እይዛለሁ። ልጆቻችን ፋውል በሠሩ ቁጥር አንዷን ወደ ግራ ኪሴ አዛውራለሁ። አሰልጣኙ ዞር ብሎ "ጋሼ፣ ስንት?" ሲለኝ ግራ ኪሴን ዳበስ አድርጌ ጣቴን አሳየዋለሁ። ወረቀት አልወድም፤ ወረቀት ላይ ሳጎነብስ ጨዋታው ያመልጠኛል።

ሕጉን ለማታውቁት፣ በአንድ ሩብ ውስጥ እስከ አራት ፋውል ድረስ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ኳሱን መልሰው ከመስመር ውጭ ይጀምራሉ፣ በቃ። ከአምስተኛው ጀምሮ ግን ለተጋጣሚ ሁለት የቅጣት ውርወራ ይሰጠዋል። ስለዚህ የእኔ ጣት ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ጠባይ አለኝ፣ ቁጡ ነኝ። ባለቤቴ "አንተን ያገባሁት ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ ነው" ትላለች።

እሁድ ዕለት የዋንጫው ጨዋታ ነበር፣ ከጠርሙስ ፋብሪካ ጋር። አራተኛው ሩብ ሊጋመስ ሲል ዳኛው ካፒቴናችን ላይ ፊሽካ ነፋ። ኧረ ምን ነክቶት! ልጁ እኮ ጫፉን አልነካውም፤ ያኛው ቀጣፊ ራሱ ነው የተዘረጋው። ዘልዬ ተነሣሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ፊትህን ታጥበሃል? ይሄ ፋውል ከሆነ እኔ ሚኒስትር ነኝ!" አልኩት። ጨዋታው ቀጠለ፣ እኔም ስድቤን ቀጠልኩ። ያንን ፋውል አላመንኩበትም፤ ስላላመንኩበት ቁልፏን አላዛወርኳትም። ረሳሁት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፣ ግን አልረሳሁትም። እልህ ነው የያዘኝ።

አምስት ሰከንድ ሲቀር በአንድ ነጥብ እየመራን ነው፣ ስልሳ አንድ ለስልሳ። ኳሱ የእነሱ ነው። አሰልጣኙ ዞረና "ስንት?" አለኝ። ኪሴን ዳበስኩ፣ ሦስት። ሦስት ጣት አሳየሁት። እሱም ጭራሮን በእጁ ጠራና "ያዘው" አለው፤ አራተኛዋን ፋውል በልተን ሩጫቸውን እንሰብራለን ማለቱ ነው። ጭራሮ የታዘዘውን አደረገ፣ መሐል ሜዳ ላይ ኳስ የያዘውን ልጅ አቀፈው። ዳኛው ፊሽካውን ነፋና ሁለት ጣቱን አወጣ። ሁለት ቅጣት! ያኔ ነው ያቺ ፋውል ትዝ ያለችኝ።  ልጁ ሁለቱንም አገባ፣ ስልሳ አንድ ለስልሳ ሁለት ተሸነፍን።

ጭራሮ ያልኳችሁ የባለቤቴ የእህት ልጅ ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ ቅጥነቱን አይተው ያወጡለት ነው። እናቱ ስትሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ነው ያደገው። አሁን ሃያ ሦስት ሞልቶታል። ፋብሪካው ቆዳ መቁረጫ ክፍል ያስገባው ኳስ ስለሚጫወት ነው፣ በኮንትራት። በዚህ ወር የቋሚነት ደብዳቤው ሊወጣለት ነበር። ከቡድኑ ከተባረረ ኮንትራቱም አይታደስም። አሰልጣኙ ደግሞ፣ የሥራውን ይስጠው፣ ሰው ሁሉ ሲጮኽበት "እኔ አላዘዝኩትም፣ በገዛ ፈቃዱ ነው" ብሎ ቁጭ አለ። የቡድኑ ኮሚቴ ማክሰኞ በስምንት ተኩል ስለ ጭራሮ ሊሰበሰብ ቀጠሮ ያዘ።

ሰኞ ማታ እራት ላይ ጭራሮ ሳህኑን ገፋ አድርጎ "ጋሼ፣ ነገ መጥተህ ትነግርልኛለህ አይደል?" አለኝ። አልጮኸብኝም፣ አልወቀሰኝም። "እንዴታ! ምን ጥያቄ አለው" አልኩት። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝና ተመለሰች። ሃያ ስድስት ዓመት ስቆጥር ኖሬ አንድ ቀን ተሳሳትኩ ብዬ የሰው ፊት መቆም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሞት ሞት ሸተተኝ።

ማክሰኞ እኩል ቀን አስፈቅጄ ወጣሁ። ኮሚቴ ፊት ተንጨባርሬ ከምቀርብ ፀጉሬን ልስተካከል ብዬ በሰባት ተኩል ፀጉር ቤት ገባሁ። ፀጉር አስተካካዩ የድሮ ወዳጄ ነው፣ ቡድናችንን ከእኔ በላይ ይወዳል። ጥግ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ባለታክሲው፣ አንዱ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር። ወሬው ሌላ ምን ሊሆን ነው? ጨርቁን አንገቴ ላይ ሲያስርልኝ ጦፎ ነበር።

"ዳኛው ነው!" ይላል ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን ራሴ ላይ እየነዳ። "እኔ ይሄን ዳኛ በዚህ ወንበር ላይ አንድ ቀን ባገኘው ጆሮውን ነው የማስተካክልለት።"

"ዳኛው ምን አደረገ? ያ ጭራሮ የሚባለው ነው እንጂ!" አለ ባለታክሲው። "አምስት ሰከንድ ሲቀር ሰው የሚያቅፈው ምን ነክቶት ነው? ናፍቆት ነው? እህቱን እየዳረ ነው?" ከዚያ እኔን በመስታወቱ ሲያየኝ "ይቅርታ ጋሼ፣ ዘመድዎ መሆኑን ዘንግቼ ነው" አለኝ።

"ግድ የለም" አልኩ። ግድ የለም! አያችሁልኝ?

እዚያው መሐል መብራት ጠፋ። ማሽኑ ጉር አለና ዝም አለ። መስታወቱን አየሁ፤ የግራ ጎኔ ከጆሮዬ እስከ አናቴ ተልጦ ነጭ ሆኗል፣ ቀኙ ጎፈሬ ነው። ባለታክሲው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ግድግዳው ዞረ።

"በመቀስ ጨርሰው" አልኩት።

"አንድ ቁጥር ነው ያስጀመርከኝ፣ መቀስ እዚያ አይወርድም። ከፈለግክ በምላጭ ሙልጭ ላድርግልህ።"

"ሙልጭ? እኔን? አላበድኩም!" አልኩ። ራሴ አናቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ነው፣ ከባለቤቴ በቀር ያየው የለም። "አሁን ይመጣል፣ እንጠብቅ" አልኩና ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት አልሞላም ነበር።

ክርክሩ ቀጠለ። እኔ በጨርቁ ውስጥ እጄን ሸሽጌ በመስታወት ውስጥ አያቸዋለሁ። መምህሩ እስካሁን ዝም ብለው ነበር፤ መነጽራቸውን አወለቁና "እኔ አንድ ነገር አልገባኝም" አሉ። "ጭራሮ ሞኝ አይደለም። ሰው እንዲያ አድርጎ የሚያቅፈው ገና ፋውል ይቀረናል ብሎ ካመነ ነው። ታዲያ ይቀረናል ያለው ማነው? ፋውል የሚቆጥረው ማነው?"

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ላብ በተላጨው ጎኔ ቁልቁል ሲወርድ ተሰማኝ። አሁን ተናገር፣ አልኩ በሆዴ። አፌን ከፈትኩ።

"ጋሼ ቆጠራ?" አለ ባለታክሲው። "መምህር፣ ይተዉኝ እባክዎ! እሳቸው እኮ አንድ ሚስማር ሲጎድል ያማቸዋል። እሳቸውን ከሚጠረጥሩ የማባዣ ሠንጠረዡን ይጠርጥሩ!"

ተሳሳቁ። መምህሩም "እውነት ነው፣ አጥፍቻለሁ" ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔም፣ አፈር በበላሁ፣ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ይቅርታቸውን ተቀበልኩ። ለካ ሰው በመከበር ይታሰራል። እጄም እግሬም ደህና ሆኖ ከዚያ ወንበር ላይ መነሣት አቃተኝ።

ስምንት ከሩብ ሆነ። መብራት የለም። ባለታክሲው "ዛሬ ኮሚቴው ያባርረዋል፣ የእጁን ያገኛል" ሲል ደሜ ፈላ። ጨርቁን ከአንገቴ ገነጠልኩና ብድግ አልኩ።

"ዝም በል!" አልኩት። "ጥፋቱ የእኔ ነው! አራት ሆኖ ሳለ ሦስት ያልኩት እኔ ነኝ። ያንን የካፒቴኑን ፋውል አልቆጠርኩትም፣ በእልህ! ጭራሮ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ሰማችሁ? እኔ ነኝ!"

 ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ትከሻዬን ያዝ አደረገና "አይ አንተ ሰው" አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "ለልጁ ብለህ ነው አይደል? አባትም እንዲህ አያደርግ።"

"ምን ለልጁ ነው የምትለኝ! እውነቴን ነው!"

"እናውቃለን፣ እናውቃለን" አሉ መምህሩ፣ ተነሥተው እጄን በሁለት እጃቸው እየጨበጡ። "ትልቅ ሰው ነዎት። የዛሬ ሰው የራሱን ጥፋት አያምን፣ እርስዎ የሰው ተሸክመው ይቆማሉ።"

ባለታክሲውም ኮፍያውን አውልቆ "ጋሼ፣ ያስቀየምኩዎትን ይቅር ይበሉኝ" አለኝ። አበድኩ! ኪስ ስለ መዳበሴ ነገርኳቸው፣ ስለ ቁልፎቹ ነገርኳቸው፣ ጣቴን አወጣሁላቸው። በተናገርኩ ቁጥር ይበልጥ አከበሩኝ። እነዚህ የሚያውቁኝ ሰዎች ካላመኑኝ ኮሚቴውማ እንዴት አድርጎ ያምነኛል? ይሄን አሰብኩ። አሁን ሳስበው ግን አሰልጣኙ ስብሰባው ላይ ነበር፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ "ስንት ብለህ ጠየቅከኝ፣ ምን መለስኩልህ?" ብዬ ብጠይቀው መካድ አይችልም ነበር። ያንን ያኔ አላሰብኩትም፤ ወይም ማሰብ አልፈለግኩም።

"ልሂድ፣ ስብሰባው ሊጀመር ነው" አልኩ።

"በዚህ ራስ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ ደንግጦ። "ወንድሜ፣ ግማሽ ተላጭተህ ገብተህ ይሄን ብትናገር አቅሉን ሳተ ነው የሚሉህ። አሥር ደቂቃ ታገሥ፣ መብራቱ ይመጣል።"

ባለታክሲው ኮፍያውን ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት፣ ገለበጥኩት። ግንባሩ ላይ የጠርሙስ ፋብሪካ ስም በትልቁ ተጽፎበታል፤ ለደንበኛ በነጻ ሲያድሉ ነው ያገኘው። ዋንጫችንን የወሰዱትን ሰዎች ኮፍያ አጥልቄ ኮሚቴያችን ፊት ልቁም? ኧረ ሞቼ ነው! መለስኩለት። መንገዱ በእግር ሰባት ደቂቃ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሰው ያልፋል፣ ያገድማል። እኔ በመስታወቱ ውስጥ ያንን ግማሽ ራሴን እያየሁ "አሥር ደቂቃ" አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አሥሩ ደቂቃ አለፈ። ሌላ አሥር መጣ። ማንም አልያዘኝም፤ እንዲያውም መምህሩ ጋዜጣ አጥፈው በሙቀቱ ያራግቡልኝ ነበር።  ሂድ እለዋለሁ እግሬን፣ እንቢ ይለኛል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነዘረ፣ አላወጣሁትም። መብራት ሲመጣ እሮጣለሁ፣ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ከሩብም ሆነ።

ጭራሮ ወደ ቤት ሲያልፍ አይቶኝ ኖሮ በዘጠኝ ተኩል በሩ ላይ ቆመ። የሥራ ቱታውን አውልቆ በክንዱ ይዞታል። ባለታክሲው መሬት መሬቱን አየ።

"ጋሼ" አለኝ፣ "ሁለት ጊዜ ደወልኩልህ።"

"መብራት ጠፍቶ..." አልኩ።

"ማን አዘዘህ ሲሉኝ፣ ጋሼ መጥቶ ይነግራችኋል አልኳቸው። ሊቀ መንበሩ፣ እንግዲያው እንጠብቀው አሉ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጠበቁህ። አንድ በር በተከፈተ ቁጥር ሁላችንም ዞር እንል ነበር።" ቱታውን በክንዱ ላይ አስተካከለ። "ከዚያ ፈረሙ።"

 ጭራሮ ጠጋ ብሎ የተላጨውን ጎኔን፣ ከዚያ ያልተላጨውን አየ።

"ለዚህ ነው?" አለኝ።

 ፀጉር አስተካካዩ ነገሩን ሊያበርድ ብሎ "አይዞህ ልጄ፣ ጋሼ እኮ ዛሬ ጥፋትህን ሁሉ በራሱ ላይ ወስዶልህ ነበር፣ እዚሁ እኛ ፊት" አለው። ጭራሮ አንድ ጊዜ ወደ እሱ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየ።  ቱታውን ወደ ሌላኛው ክንዱ አዛወረና ወጣ።

ልከተለው ብድግ አልኩ። በዚያው ቅጽበት አምፖሉ ቦግ አለ፣ ማሽኑም መደርደሪያው ላይ መንዘር ጀመረ።

"ይኸው መጣ! ተቀመጥ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም" አለኝ ፀጉር አስተካካዩ።

በሩን አየሁ። መስታወቱን አየሁ። ተቀመጥኩ።