አማረችና ባለቤት ያጣው ጄሪካን

ደርሷል! እንኳን ደስ አላችሁ፣ መልእክቱ አዳማ ደርሷል፤ ሽንኩርቱም ነገ ውሃውን ይጠጣል!

የማን ሽንኩርት እንዳትሉኝ፤ የባቱ አትክልት አምራቾች ማኅበር ነዋ። ድሉ ግን የአማረች ነው። አማረች ማለት ያቺ ድሮ የሰፈሩ ቦኖ ጠባቂ የነበረችው፣ በወረፋ የተነሳ ከአማቷ ከእማማ አበበች ጋር እስከ ዛሬ የተኳረፈችው ናት። ቦኖው ሲዘጋ ማኅበሩ "ተራ የምታውቅ ሴት አትጣልም" ብሎ የፓምፑን ቆጣሪ ሰጣት። ከቆጣሪው ጋር አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አብራ መጣች። ጠዋት ጠዋት በመደበኛው ስልክ አዳማ ላለው፣ የውሃ ተራ ለሚያድለው ቢሮ ትደውልና የውሃውን ልክ ታስተላልፋለች። ከቀትር በፊት ካልደረሰ የነገው የውሃ ተራ ለሌላ ማኅበር ያልፋል። በቃል ቢነግሯቸው አይቀበሉም።

ትናንት ማታ ኮምፒውተሯ የአዳማን መልስ ልትቀበል ደውላ ሳለ መብራት ድርግም አለ። ዛሬ ጠዋት አማረች ብታስደውላት ኮምፒውተሯ "መስመሩ ተይዟል" ብላ እርፍ። ሌላ ሰው ቢሆን በጡጫ ይላት ነበር። አማረች ግን ወንበሯን ስባ፣ የያዘው ሰው እስኪጨርስ በጨዋ ደንብ ጠበቀች። ጠበቀች፣ ጠበቀች። ሲመራት ያው መስመር ወደሚገባበት ወደ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገሰገሰች።

"ጋሽ ጃዕፈር፣ ኧረ ወሬው ይብቃዎት! ሽንኩርቱ ሊደርቅ ነው!"

"ወላሂ አልነካሁትም! ይኸው፣ አቧራው ይመስክር። አንቺ ሴት፣ ያቺን ቆርቆሮ ለቆራሌው ሰጥተሽ ብንገላገልስ?"

ቆርቆሮ! ይሄ ቃል አንገበገባት። ኮምፒውተሯን ተክላ ለሄደችው ለአዳማዋ ጠጋኝ ለኢፍቱ በሞባይል ደወለች።

"እትዬ አማረች! አካም ጅርቱ?"

"ምን ደኅንነት አለ፣ መስመሩን ሰው ያዘብኝ!"

ኢፍቱ ነገሩ ወዲያው ገባት። ደዋዩ ፕሮግራም ስልኩን ሲይዝ "ይዣለሁ" የምትል ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል፤ የራሱን መለያ ቁጥር ይጽፍባታል፤ ሲጨርስ ራሱ ያነሳታል። ትናንት ግን መብራቱ ሳያስጨርሰው ይዞት ሄደ፤ ፋይሏም ሳትነሳ ቀረች፤ ኮምፒውተሯ እሷን እያየች ነው መስመሩ ተይዟል የምትለው።

"በዚያ ቁጥር የሚሠራ አለ ወይ ብለው ይጠይቋት" ብላ የሚጻፈውን አስጻፈቻት።

"ማንም የለም ትላለች።"

"በቃ፣ ፋይሏን ያጥፏት።"

የአማረች ጣት አየር ላይ ቀረ። "የሰው ወረፋ? እኔ?"

"ቦኖው ላይ ጄሪካኑን አሰልፎ የሚጠፋ ሰው አልነበረም?"

"ሞልቶ!"

"ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር?"

"ሦስቴ እጣራለሁ። አቤት ካላለ ጄሪካኑን ወደ ጎን። አማቴም ብትሆን!"

"ይጣሩዋ!" አለች ኢፍቱ ሳቋን አፍና።

አማረች አልሳቀችም። ወደ ኮምፒውተሯ ጎንበስ ብላ "የዚህ ጄሪካን ባለቤት! ባለቤት! ኧረ ባለቤት!" አለች። በመስኮት ጋሽ ጃዕፈር "ዛሬስ ለየላት" ሲሉ ተሰሙ እንጂ አቤት ያለ የለም።

"ቆይ፣ የይለፍ ቃል የምትል ፋይልም አለች። እሷንስ አብሬ ልጥረጋት?"

"ኧረ በአላህ! እሷ ቋሚ ናት፤ ያለሷ አዳማ በሩን አይከፍትልንም። ጄሪካን ተረሳ ተብሎ ቦኖ ይነቀላል እንዴ? ጄሪካኗን ብቻ!"

ጄሪካኗን ብቻ አነሳች። አስደወለቻት። ጥዝዝዝ... ከዚያ ያ አዳማ ስልኩን ሲያነሳ የሚሰማው ጆሮ የሚበሳ እሪታ! አማረች በዕድሜዋ እንዲህ የጣፈጠ ጩኸት ሰምታ አታውቅም። መስታወቱ ላይ "ደርሷል" የሚል ጽሑፍ ብቅ ሲል እልልታዋ ጋሽ ጃዕፈርን በሩ ላይ አደረሳቸው።

"እንግዲህ ቆራሌውን አልጠራውም ማለት ነው?"

"ሦስቴ ይጥሩት ጋሽዬ። አቤት ካላለ ይተዉት።"

ይህን ሁሉ እማማ አበበች ሳይሰሙ ሊመሽ ነው እንዴ? ያኔ ቦኖው ላይ ሦስቴ ተጠርቶባት ወደ ጎን የተደረገችው፣ ያኳረፈቻቸው ጄሪካን የሳቸው አልነበረች እንዴ? ዛሬ ካልሳቁና ካልታረቁ መቼ ሊታረቁ ነው? አሁን የሚኖሩት ደራ ከተማ ነው፤ እኔም ሄጄ ልነግራቸው መናኸሪያ ቆሜያለሁ፤ ረዳቱ "ደራ፣ ደራ፣ አንድ ሰው!" እያለ ነው። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ፤ ሄድኩ!