ወላጅ ይምጣ ያለው ማን ነው?

ሬጅስትራር ቢሮ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ አቶ ሐሰን ማኅተም፣ መስኮትና አንድ መልስ አስረከቡኝ። መልሱ «ፖሊሲ ነው» የሚል ነበር። ፎቶ ለምን አራት ይሆናል? ፖሊሲ ነው። በሻይ ሰዓት መስኮት ለምን ይዘጋል? እሱም ፖሊሲ ነው። እኔ ደግሞ ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግሁ፣ ጥያቄ የማበዛ ሴት ነኝ፤ እናቴ «ምላስሽ አያርፍም» ትለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው እዚያው ጅግጅጋ ያለ የግል ነው፤ ስሙ ይቅር። እኔ የማስተናግደው ትምህርት አቋርጠው የሚመለሱትን ነው። ተማሪው ፎርም ይሞላል፣ ትምህርት ክፍሉ ይፈርማል፣ እኔ እመዘግባለሁ። ከዚያ በፊት ግን ወላጅ ወይም አጎት በአካል ቀርቦ መፈረም አለበት። ያለዚያ ፎርሙም አይሰጥም።

ጉሌን ያወቅሁት በዚህ ነው። ከበሩ ማዶ ሻይ የሚሸጥ እኩያዬ ነው። ሰኞ ዕለት የአንድ የሐርተሼክ ከተማ ልጅ አጎት ሆኖ መጣ። ረቡዕ የደገሀቡር ልጅ ይዞ መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የድሬዳዋ!

«ጉሌ፣ ለመሆኑ ስንት ወንድም ነው ያለህ?» አልኩት።

«አላህ ሰጠኝ፣ እህቴ። ሁሉም ልጆቻቸውን ወደ እኔ ነው የሚልኩት።»

በሳቅ ፈነዳሁ። ቢሮው በሙሉ ያውቃል፤ ምንም የሚል ግን የለም።

ሆዳን የምትባል ተማሪ የመጣች ቀን ሳቁ ቀረ። ነርሲንግ ስትማር እናቷ ታማባት ነው ያቋረጠችው፤ እናቷ ዛሬም እዚህ ድረስ መምጣት አትችልም። አባቷ በድርቁ ምክንያት ግመሎቹን ይዞ ከደገሀቡር ወዲያ ሄዷል፤ እዚያ ስልክ አይሠራም። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ ዘንድሮ ካልገባች ቦታዋ ይቃጠላል። ጉሌ እንደ ልማዱ ሊፈርምላት ተነሣ። እሷ እምቢ አለች።

«ኤዶ» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። «ነርስ ልሆን ነው የመጣሁት። የማላውቀውን ሰው አጎቴ ነው ብዬ አልጀምርም።»

አንጀቴን በላችው። ነገሩም ከነከነኝ። አባት ከበረሃ ይምጣ የሚል ሕግ ያወጣው ማን ነው?

ፖሊሲውን አነበብኩ። በበቂ ምክንያት ያቋረጠ ተማሪ መመለስ ይችላል ይላል፤ በቃ። የአሠራር ሥርዓቱን አነበብኩ። ማን እንደሚሞላ፣ ማን ቀድሞ እንደሚፈርም በተራ አስቀምጧል። አባትም የለበት፣ አጎትም የለበት። ሁለቱንም ይዤ አቶ ሐሰን ዘንድ ገባሁ።

«ወላጅ ይምጣ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«ፖሊሲ ነው።»

«ፖሊሲው ይኸው።»

«እንግዲያው የአሠራር ሥርዓቱ ላይ ይኖራል።»

«እሱም ይኸው።»

መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። «ወይ ጉድ! ያልኩት እኔው ነኝ» አሉ።

ለካ ከተማው ተረብሾ በነበረ ጊዜ፣ ልጆቹ ከየቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ክፉ እንዳይገጥማቸው ብለው «ለጊዜው ከወላጅ ጋር ይምጡ» ያሉት እሳቸው ናቸው። በቃል ነው ያዘዙት። መንገዱ ሰላም ሆነ፤ ትእዛዙን ያነሣ ግን የለም። አዲስ የገባው ሁሉ ከጎኑ ካለው እያየ ቀጠለበት። ክፋት አገኛለሁ ብዬ ስቆፍር ደግነት ማግኘቴ እስከዛሬ ይገርመኛል።

«እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ሆነናል እኮ፣ አቶ ሐሰን» አልኳቸው። «ፖሊሲው ይጠራታል፣ እኛ እንገፋታለን።»

ሰውዬው አልተቆጡም። ራሳቸው ወጥተው ሆዳንን በሶማሊኛ ይቅርታ ጠየቋትና ፎርሙን ሰጧት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መዘገብኳት። ጉሌ ሲሰማ «አንድ የወንድም ልጅ አጎደልሽብኝ» ብሎ ቀለደብኝ።

እኔ ግን ጥያቄ አላለቀልኝም።

«አጎት ያላገኙትስ የት ደረሱ?» አልኩ።

«ወደ ቤታቸው ሄዱ» አሉ አቶ ሐሰን። ማን እንደነበሩ አናውቅም፤ ፎርም ስላልሰጠናቸው ስማቸው እንኳ እኛ ዘንድ የለም።

ዛሬ ለአዳዲስ ሠራተኞች የምላቸው ይህንን ነው። ፖሊሲ የተፈቀደውን ይናገራል። የአሠራር ሥርዓት በምን መንገድ እንደሚፈጸም ያሳያል። የሥራ ሂደት ደግሞ እናንተ መስኮቱ ላይ በየቀኑ የምታደርጉት ነው። ሰውን «አይሆንም» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት የሚከለክለው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።