ለቀቀኝ ያለችው በሽታ

አጣቢዋን በእድፍ ነገር የሚስተካከላት አልነበረም። የሆቴሉ አንሶላ ሁሉ የሚያልፈው በእጇ ነው፤ ገና ስትዘረጋው ይሄ ዘይት ነው፣ ይሄ ደም ነው፣ ይሄ የከንፈር ቀለም ነው ትላለች። ደሙን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ዘይቱን በሙቅ፣ እምቢ ያለውን በበረኪና ታስለቅቃለች። አለቃዋ «አንቺ እኮ ምስክር ሳትሰሚ ትፈርጃለሽ» እያለ ይቀልድባት ነበር። በራሷ ላይም እንዲሁ መፍረዷን ማን ይወቅ?

እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደገቻት አክስቷ ናት። አክስትየው ስለ ወር አበባ በሹክሹክታ ነገረቻትና፣ ከዚያ ሌላ ከሴት የሚወጣ ነገር ሁሉ በሽታ ነው ብላ ወሬውን ዘጋችው። ልጅቷ አድጋ ብረት በያጅ አገባች። ታዲያ በየወሩ፣ በሁለት የወር አበባዎቿ መሐል፣ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ፣ የሚያሟልጭ፣ ሲስቡት የሚሳብ ፈሳሽ ስታይ ምን ትበል? አይሸትም፣ አያሳክክም፣ አያምም። እሷ ግን ደነገጠች፤ በባሏ ላይ እንዳይጋባበትም ፈራች።

«አሞኛል፤ እስኪተወኝ አትቅረበኝ» አለችው።

በያጁ ነገረኛ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በተሻለ! ነገረኛ ሰው ይነዘንዛል፣ ምንሽን ነው ብሎ ያፋጥጣል። እሱ ግን ደግ ነው። ትንሿን ፍራሽ ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዶ መሬት ላይ ይተኛል፤ ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ውሃ ያሞቅላታል። እሷም እንደ አንሶላው ውስጧን ሳይቀር በሳሙና ትታጠባለች። ፈሳሹ ሲጠፋ ዳነች ይባልና ፍራሿ ተጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ትወጣለች። እንዲህ እያሉ ዓመታት አለፉ፤ ልጅ ግን የለም። አማቷ «ምነው እስካሁን?» ስትል ኖራ ኖራ መጠየቋን ተወች። መተዋ ደግሞ ይብስ አንገበገባት።

ሽበት ጣል ጣል ሲያደርግባት ፈሳሹ መምጣቱን ተወ። የወር አበባዋም አንዴ ብቅ ብሎ ለወራት ይጠፋ ጀመር። ደስታዋን አልቻለችውም። እየሳቀች ጤና ጣቢያ ሄዳ አንዲት አዋላጅ ፊት ተቀመጠች።

«በሽታው ለቀቀኝ፣ ልጄ። አሁንስ መውለድ እችላለሁ?»

«ምን ዓይነት በሽታ ነበር፣ እትዬ?»

አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ወጣቷ አዋላጅ የያዘችውን ብዕር አስቀመጠች።

«በነዚያ ቀናት ከባለቤትዎ ጋር አይገናኙም ነበር?»

«ምን በወጣው! እሱን ልበክለው?»

አዋላጇ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች። «እትዬ፣ ቢሸት፣ ቢያሳክክ፣ መልኩ ቢለወጥ ኖሮ በሽታ እንለው ነበር። ይሄ ግን እንቁላል ሊወጣ ሲል ሰውነት የሚያዘጋጀው ነው፤ የወንዱ ዘር በሱ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ሴት የምታረግዘው በነዚያ ቀናት ነው። ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ግን…»

«አሁንስ?»

«አሁን ሰውነትዎ እንቁላል ማውጣቱን እየተወ ነው። እንመረምርዎታለን፤ ተስፋ ግን ልሰጥዎ አልችልም።»

ቤት ስትገባ በያጁ እጁን እየታጠበ ነበር። ፊቷን ሲያይ ደነገጠ።

«ምን አሉሽ? ክፉ ነገር ነው?»

«በሽታ አልነበረም አሉኝ። ድሮም ጤነኛ ነበርኩ።»

«እሰይ! ተመስገን!» አለና እርጥብ እጁን ሳያደርቅ አቀፋት።

እንደ ግንድ ደርቃ ቀረች። የቀረውንም ነገረችው። እጆቹ ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብለው ወረዱ፤ ዓይኑ ቁም ሳጥኑ ላይ ወደተጠቀለለችው ፍራሽ ሄደ።

«ታዲያ እኔ መሬት የተኛሁት…» አለ።

«ምነው አንድ ቀን እንኳ ምንሽን ነው የሚያምሽ ብትለኝ!» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «አንድ ቀን! ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለኝ!»

በያጁ ከእጁ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ እያየ ቆመ።

«እንዳታፍሪ ብዬ እኮ ነው» አላት።