የእትዬ ጽጌ ቦርሳ ከሽፋኑ ወጣ

ዛሬ የቸርቻችን እትዬ ጽጌ ፖላሪስ ሞል ውስጥ እኔ የምሠራበት የጣሊያን ቦርሳ ሱቅ መጡ። በእጃቸው የያዙት ግን ቦርሳ ሳይሆን የጨርቅ ከረጢት ነው።

ቦርሳው ውስጡ አለ። ልጃቸው ለገና የገዛችላቸው ነው። ከረጢቱ ቤት ሲቀመጥ አቧራ እንዳይነካው የምንሰጠው ሽፋን ነው፤ እሳቸው ግን ቸርችም የሚመጡት ከነሽፋኑ ይዘውት ነው።

ማናጀሬ ሪተርን ሊያደርጉ የመጡ መስሏት ነበር። "ኧረ ማንጠልጠያውን አሳጥሪልኝ ብዬ ነው" አሉኝ። "የሸፈንኩት እንዳይቆሽሽ ነው።"

የሽያጭ ድምፄን አወጣሁ። "እትዬ፣ ይሄ ድርጅት ሲጀመር የፈረስ ኮርቻ ነበር የሚሰፋው። ከዚያ ሻንጣ፣ ከዚያ ቦርሳና ጫማ፣ አሁን ሽቶና መነጽር ሁሉ አለው። ቆዳው ዝናብና የፈረስ ላብ ችሎ ያደገ ነው፤ እርስዎ አይከብዱትም።"

ትንሽ አሰቡና "መቼም ከፈረስ አላንስም" ብለው ቦርሳውን አወጡ። ማንጠልጠያውን አሳጠርኩላቸውና ትከሻቸው ላይ አንጠለጠሉት። አማረባቸው።

ጎበዝ ሻጭ ነኝ፣ ማንም ካልመሰከረልኝ እኔው ልመስክር።

በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱ። ባዶውን የጨርቅ ሽፋን በጥንቃቄ አጣጥፈው ይዘዋል።

"ይሄ እንዳይቆሽሽብኝ፣ ፌስታል አለሽ?"

ሰጠኋቸው። የኔም የቲቪ ሪሞት እስካሁን ከነላስቲኩ ነው። እናንተ ቤትስ ላስቲኩ ያልተላጠ ምን አለ?