ለእኔም ንገሩኝ

መጀመሪያ የደነዘዘኝ የእግሬ ጣት ነው። ጠባብ ጫማ አድርጌ የዋልኩ ይመስል ሁለቱም እግሬ ይነዝረኝ ጀመር። ከሁለት ሳምንት በፊት ተቅማጥ ይዞኝ ስለነበር የእሱ ድካም ነው ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሀይሌ ጋርመንት ከታክሲ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝና አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ደግፈው ላነሱኝ ሰዎች አዳልጦኝ ነው አልኳቸው። አላዳለጠኝም።

ሙያዬ ነርስነት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በጦር ሠራዊት ሆስፒታሎች ሠርቼ በሻምበልነት ጡረታ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ላፍቶ እየኖርኩ በአንድ የጤና ኮሌጅ የሕክምና ሥነ ምግባር አስተምራለሁ። ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ድንዛዜ ምን ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። እያወቅሁ ቀኑን ሙሉ ሳስተምር ዋልኩ። እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምጽፈው።

ወደ ቤት ስመለስ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ልጄ መቅደስ ጎረቤት ጠርታ፣ አሸክማ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጉልበቴን በመዶሻ መታ መታ አደረገው። እግሬ ንቅንቅ አላለም። ለምርመራ ከጀርባዬ ፈሳሽ ተቀዳ። ከዚያ ሐኪሙ መቅደስን ወደ ኮሪደሩ ጠራት።

በበሩ መስታወት አያቸው ነበር። እሱ ይናገራል፤ እሷ አፏን በእጇ ይዛለች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። ቫይታሚን አንሶሽ ነው አሉኝ፣ እማዬ፣ አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም። ደግሞም እኔው ራሴ እንዲያ አድርጌያለሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የመስክ ሆስፒታል ድንኳን ውስጥ እግሩ የቆሰለ ወታደር ነበር። እግሩ መቆረጥ ነበረበት፤ ሌላ መንገድ አልነበረም። ወደ ቀዶ ጥገና ስንወስደው ምን ልታደርጉኝ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቁስልህን ልናጥብልህ ነው አልኩት። ሲነቃ ብርድ ልብሱን ገልጦ አየ። 

«ሲስተር፣ ታውቂ ነበር?» አለኝ።

ሌላ አልጋ ላይ ሥራ ያለኝ መስዬ ሄድኩ። እግሩን የወሰደበት ጥይት ነው። እኔ የወሰድኩበት ከእግሩ ጋር የሚሰናበትበትን ጊዜ ነው። ስለ ታማሚ ፈቃድ ለዓመታት ሳስተምር ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ እጄም ሰነፈ። ብርጭቆ መያዝ አቃተኝ። ድምፄ ሳሳ። ትንፋሼ አጠረ። ሐኪሞቹ አልጋዬ አጠገብ ቆመው እርስ በርስ ተነጋገሩ፤ መቅደስን አናግረው ሄዱ። አንዲት ወጣት ሐኪም ወደ ኋላ ቀርታ ነበርና ለእኔም ንገሩኝ አልኳት። መቅደስ ልታስቆማት ሞከረች። ሐኪሟ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጊላን ባሬ ሲንድረም ይባላል» አለችኝ። «የሰውነትዎ መከላከያ የራስዎን ነርቭ እያጠቃ ነው። ብዙ ሰው ይድናል። ግን ድክመቱ መተንፈሻ ጡንቻዎ ላይ ደርሷል፤ ዛሬውኑ ማሽን ሊያስፈልግዎ ይችላል። ማሽኑ ላይ ሆነው ይሰማሉ፣ መናገር ግን አይችሉም። እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እሞታለሁ?»

«ሊሆን ይችላል። እንደማይሆን ተስፋ አለኝ። ግን አልዋሽዎትም።»

ፈራሁ። ቢሆንም እሺ አልኳት። ከመቅደስ ጋር ዓይኔን አንዴ ብጨፍን አዎ፣ ሁለቴ ብጨፍን አይደለም ማለት እንዲሆን ተስማማን። ካልዳንኩ የት እንደምቀበር ሳይቀር ነገርኳት። አለቀሰች። አሁን ግን ኮሪደር አልወጣችም።

የማሽኑ ቱቦ በጉሮሮዬ ገባ። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን። እጅ የለኝም። ድምፅ የለኝም። ሁሉንም እሰማለሁ። አንድ ሰው እግርጌዬ ቆሞ «እሷማ አበቃላት» አለ። ሰማሁት። እንባዬን የምጠርግበት አልነበረኝም።

ሰዒድ የሚባል ነርስ ነበር። ሳይነግረኝ አይነካኝም። አሁን በግራ በኩል ላገላብጥዎ ነው፣ አሁን አክታ ልሳብልዎ ነው፣ ትንሽ ያስጨንቃል ይለኛል፤ ከዚያ ዓይኔን እስክጨፍን ይጠብቃል። ከእኔ የቀረው ፈቃድ ያ ብቻ ነበር፤ እሱም ይጠይቀኝ ነበር።

በደም ሥሬ የተሰጠኝ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት ቀስ በቀስ ሠራ፤ በመጀመሪያ ትከሻዬ፣ ከዚያ ጣቶቼ መንቀሳቀስ ጀመሩና ከማሽኑ ወርጄ በራሴ ስተነፍስ መቅደስ ደረቴ ከፍ ዝቅ ሲል እያየች አጠገቤ ተቀመጠች። ለወራት ፊዚዮቴራፒ ስመላለስ እንደ ሕፃን መቀመጥ፣ መቆም፣ ማንኪያ መያዝ ተማርኩ፤ ሰፈራችን ካለው ዳቦ ቤት ድረስ በክራንች ደርሼ የተመለስኩ ቀን ጎረቤቶቼ በየበረንዳቸው ወጥተው እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ አሉልኝ። ወደ ክፍል ስመለስ መጀመሪያ ያስተማርኩት የወታደሩን ታሪክ ነው። አንዲት ተማሪ ይቅርታ ጠይቀውት ነበር ወይ አለችኝ። አልጠየቅሁትም፤ የት እንዳለም አላውቅም። ይህ ሳይድን ይቀራል።

አሁንም ጣቶቼ ሲበርድ ይደነዝዛሉ። ለዚያች ሐኪም፣ ለሰዒድ፣ ለልጄ ምስጋናዬ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ነው። ድንዛዜና ድክመት ከእግራችሁ ወደ ላይ ሲወጣ ካያችሁ እንደ እኔ ቀን አታሳልፉ፤ ትንፋሽ ሲያጥርማ ለሰዓትም አትቆዩ። አስታማሚዎች ደግሞ፣ ታማሚው ቢተኛም ይሰማልና አጠገቡ የምትናገሩትን ምረጡ። ማወቅ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት፤ ከፈለገ አትደብቁት። እናንተ ከእሱ ተደብቃችሁ ስታለቅሱ፣ እሱም ከእናንተ ተደብቆ እየፈራ ነው። አብሮ መፍራት ይቀላል።