ማር ቀምሰው «ማረኝ» የሚሉት አያ ይሁኔ

አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት ከቡሬ ተደውሎ «አያ ይሁኔ አረፉ» ሲሉኝ «የትኛው ይሁኔ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሌላ ይሁኔ እንደሌለን እያወቅሁ።

ለማታውቋቸው፣ አያ ይሁኔ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ንብ ያነቡ ነበር።

ልጅ ሆነን፣ አደዩ ረግፎ ማር ሲቆረጥ እሳቸው ጋ እንሰነብታለን። ያ ጊዜ አሁን ሳስበው በህልም ያየሁት ነው የሚመስለኝ። ጭሱ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ንቦቹ ከላያችን ያንጎራጉራሉ፣ አየሩ ራሱ ይጣፍጣል።

አያ ሰሙን ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ለይተው ያስቀምጡና ማሩን ይቀምሳሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ማረኝ» ይላሉ።

እኛ ደግሞ ማር ጨምሩልኝ ያሉ መስሎን ሌላ ቁራጭ እናቀብላቸዋለን። ይቀምሱና አሁንም «ማረኝ»። አሁንም እናቀብላለን። ሳቃቸውን መቼም አልረሳውም።

አድጌ ማር ሲቀምሱ ለምን «ማረኝ» እንደሚሉ ስጠይቃቸው ምን አሉኝ? «ሲመረኝማ መቼ ከእግዜር ደጅ ጠፍቼ አውቃለሁ ልጄ? ሲጣፍጠኝ ነው የምጠፋው።»

ልጄን ያገኘኋት ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያልተሳልኩበት ደብር የለም። ስትወለድ ግን ደስታው ፍርሃት ሆነብኝ። ተመስገን ካልኩ የምትወሰድብኝ መሰለኝ። መጋረጃ ዘግቼ፣ ጠያቂ እየመለስኩ ከረምኩ። ክርስትናዋንም ሰው ሳያየን ደርሰን እንመለስ ብዬ ወሰንኩ።

አያ ዋዜማውን ከቡሬ መጡ። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው የተሸፋፈነችውን ልጅ አዩአት።

«ከሰጠሽ ደብቀሽ ማን ጋ ልታስቀምጫት ነው?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።



በማግስቱ ፊቷን ገልጬ፣ በባጃጅ ሳይሆን በእግሬ፣ በዋናው መንገድ ወሰድኳት። አያ ከጎኔ ነበሩ። ቅዳሴው ሲያልቅ ድምፄን አውጥቼ ተመስገን አልኩ። ከዚያ ወዲህ ልጄን ሳጥባትም ሳስተኛትም ሳላስበው እጸልያለሁ። ድሮ የምጸልየው ሲጨንቀኝ ብቻ ነበር።

ይህን የምጽፈው ልጄን ታቅፌ ወደ ቡሬ መንገድ ላይ ሆኜ ነው። የበቆሎው ማሳ በመስኮቱ ያልፋል፣ ያልፋል፣ አያልቅም። እሷ ተኝታለች።

አያ፣ እርስዎም እኮ የተሰጡን ነበሩ። ስለ እርስዎ ተመስገን ልል ከጠዋት ጀምሬ ብሞክር እንባ እየቀደመኝ አቃተኝ። ከመቃብርዎ ራስጌ ስቆም ግን እለዋለሁ። እያለቀስኩም ቢሆን፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ እለዋለሁ።

ደህና ይሁኑልኝ፣ አያዬ።